አቶ ምናሴ ገብረየስና ያልተጻፈው የቀይ ጉብታ ምዕራፍ

አቶ ምናሴ ገብረየስ ከአባታቸው ከአቶ ገብረየስ ወልደ ጊዮርጊስና ከእናታቸው ከወይዘሮ አልጋነሽ ይመር፣ ወሎ ውስጥ በወረኢሉ ከተማ በ1946 ዓ.ም. ተወለዱ። ወሩንና ቀኑን አልጻፍኩም። እናታችን «የሰኔ ሚካኤል ማግስት ነው» ይሉ ነበር። አባታችን ደግሞ «የለም፤ ክረምቱ ገብቶ፣ ወንዙ ሞልቶ አዋላጇ መሻገር አቅቷት አልነበረም እንዴ!» ብለው ይከራከሩ ነበር። ሁለቱም ሳይግባቡ አረፉ። ወንድሜ በሕይወታቸው ሁለት እማኝ ያልተስማማበትን ነገር በወረቀት ላይ አላሰፈሩም። እኔም ደፍሬ በገዛ ታሪካቸው ላይ ቀን አልቆርጥላቸውም።

ይህን የጻፍኩት ታናሽ እህታቸው ብሩክታይት ነኝ። «ከመካከላችን ጸሐፊው እሳቸው ነበሩ፤ እኔ ምን አውቃለሁ?» ብዬ ቤተሰቡን ለምኜ ነበር፤ የሰማኝ የለም። በሆም ኬር ሥራ የስንቱን በሽተኛ ገላ አጥቤያለሁ፣ አጉርሻለሁ፣ አገላብጫለሁ። ብዕር ግን ይዤ አላውቅም። ጉድለቱን የእኔ አድርጉትና ስሙኝ።

አባታችን አጥቢያ ዳኛ ነበሩ። ወንድሜ ልጅ ሳሉ ከአባታችን ጎን ቁጭ ብለው ክርክር መስማት ይወዱ ነበር። አባታችን ተከራካሪዎቹ ሲናገሩ ዝም ብለው ያዳምጣሉ፤ እየሰሙ አይጽፉም፤ ፍርዱን የሚሰጡት በማግስቱ ጠዋት ነው። «የሰማኸውን አሳድረው፤ ያደረ ነገር ይጠራል» ይሉ ነበር። ወንድሜ ይህችን ልማድ ከአባታችን ወረሱ፤ እስከ መጨረሻውም አልተዉዋትም።

የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በወረኢሉ፣ ሁለተኛ ደረጃውን በደሴ ወይዘሮ ስኂን ተማሩ። በ1967 ዓ.ም. ከጓደኞቻቸው ጋር ለዕድገት በኅብረት ዘመቱ። ከዘመቻው መልስ ጦር ሠራዊት ገብተው በመገናኛ ሙያ ሠለጠኑ፤ በ1969 ዓ.ም. ክረምት ምሥራቅ ግንባር ሲዘምቱ የአንድ ሻምበል ጦር የሬዲዮ ሠራተኛ ነበሩ። በ1970 ዓ.ም. መስከረም ላይ ክፉ ወባ ጣላቸውና በጭነት መኪና ወደ ሐረር ተላኩ። ሬዲዮኑን ሃምሳ አለቃ ጸጋዬ ለሚባሉ ጓደኛቸው አስረከቡ። ከዚያ በኋላ ጦሩ ወደ ኋላ ሲመለስ፣ የወንድሜ ሻምበል የቀረው ሠራዊት እስኪያልፍ ድረስ ወታደሮቹ «ቀይ ጉብታ» ያሉትን ኮረብታ ይዞ እንዲቆይ ታዘዘ። ከዚያ ኮረብታ የተመለሱት ጥቂቶች ናቸው። ሃምሳ አለቃ ጸጋዬ አልተመለሱም። ከሞቱት መዝገብ ላይ የሉም፤ በ1980 ዓ.ም. ምርኮኞች ሲለዋወጡም ከመጡት መካከል አልነበሩም።

ወንድሜ ስለ ሌላ ነገር ብዙ ተናጋሪ ነበሩ። ስለዚህ ነገር ግን የሚሉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ሬዲዮኑ የእኔ ነበር።» እህት ነኝና ዝም አልልም፤ «ጋሼ፣ ወባ አመመህ እንጂ ጠፍተህ አልሄድክ፤ ምን በወጣህ?» እላቸው ነበር። «እኔ መቼ ጠፋሁ አልኩ? ሬዲዮኑ የእኔ ነበር ነው ያልኩሽ» ይሉና ነገሩን ይዘጉታል።

በ1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን አዲስ አበባ ገቡ። በዓመቱ ወይዘሮ ሄለንን አግብተው ሴት ልጃቸውን ሐሴትን ወለዱ። በ1990 ዓ.ም. ዲቪ ደርሷቸው ከነቤተሰባቸው ወደ አሜሪካ መጡ፤ መጀመሪያ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ በኋላም አስፐን ሂል ኖሩ። ወንድ ልጃቸው አዶኒያስ እዚሁ ተወለደ። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የሠሩት ክሪስታል ሲቲ በሚገኝ የመኪና ማቆሚያ ነው። ሰው ቢያዝንላቸው አይወዱም ነበር። «እዚያ ቡዝ ውስጥ ሬዲዮ የለም፣ አለቃ የለም፤ ጠረጴዛና ወንበር አለኝ። የትኛው ጸሐፊ ነው ከዚህ የተሻለ ያለው?» ይሉ ነበር። ኤርፖርቱ ቅርብ ስለሆነ ታክሲ የሚነዱ የቀድሞ ወታደሮች ብቅ ይሉላቸዋል። ምሥራቅ ግንባርን የሚጽፉትን መጽሐፍ የጀመሩት እዚያ ነው።

ስለ አሠራራቸው ትንሽ ልበል፤ እሱ ካልተነገረ ወንድሜ አልተነገሩም። የጦር ታሪክ የሚጽፍ ሰው ማን አዘዘ፣ ማን ተኮሰ ብሎ የሚጀምር ይመስለኝ ነበር። እሳቸው ግን መጀመሪያ የሚጠይቁት «ያን ቀን ምን በላችሁ?» ብለው ነው። አንዱ «ኮቾሮ፣ ያን ደረቅ የወታደር ብስኩት» ይላል። «ውኃስ ነበራችሁ?» ይላሉ። «ጫማህ ምን ዓይነት ነበር?» ይላሉ። ሰውየው መጀመሪያ ይስቃል፤ ቆይቶ ግን ዓይኑ ይርቃል፤ ያኔ እሳቸው ዝም ይላሉ። «የበላውን ያስታወሰ ሰው ቀኑን ያስታውሳል፤ ጀግንነቱን ያስታወሰ ግን ሲያወራው የኖረውን ነው የሚነግርህ» ይሉ ነበር።

አንዴ ሁለት ሰዎች ስለ አንድ ማፈግፈግ ተጣሉባቸው፤ አንዱ ጠዋት ነው ይላል፣ ሌላው ከሰዓት። ወንድሜ በእረፍት ቀናቸው ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ሄደው የድሮ ካርታ አስወጡ። ከሰዎቹ አንዱ ሲያወራ «ፀሐይ ዓይኔን እየወጋችኝ» ብሎ ነበር፤ መንገዱ ደግሞ ወደ ምዕራብ የሚሄድ ሆኖ አገኙት። ከሰዓት ነበር ማለት ነው። ያን ዕለት ቤት ሲመጡ ደስታቸው ሎተሪ የወጣለት ሰው ደስታ ነበር። ወይዘሮ ሄለንም «እኛ ቤት ጦርነቱ መቼም አያልቅ» ብለው ሳቁባቸው።

«ጀግናው» የምትለዋን ቃል ከጽሑፋቸው እየለቀሙ ያወጡ ነበር። «እሱን አንባቢው ይበለው እንጂ እኔ ምን አገባኝ» ይላሉ። በዚህ የተነሳ የተቀየሟቸው አልጠፉም። ሲልቨር ስፕሪንግ በተደረገ የቀድሞ ወታደሮች ስብሰባ ላይ አንድ ሰው ተነስተው «አንተ ያን ጊዜ ሐረር ተኝተህ ኪኒን ትውጥ ነበር፤ ምኑን አይተህ ነው የምትጽፈው?» አሏቸው።  ወንድሜ ሳይቆጡ «ስላላየሁ እኮ ነው የምጠይቅህ። በል ንገረኝ፤ ያን ቀን ምን በላችሁ?» አሉ። ሰውየው ሳይወዱ በግድ ሳቁ፤ ኋላም ከዋና እማኞቻቸው አንዱ ሆኑ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በ2005 ዓ.ም. የሃምሳ አለቃ ጸጋዬ ባለቤት አሌክሳንድሪያ እንደሚኖሩ ሰሙ። ወይዘሮ ጸዳለ ይባላሉ፤ በእህታቸው በኩል በፋሚሊ ሪዩኒየን የመጡ ናቸው። ወንድሜ እኔን አስከትለው ሄዱ።  ገብተን ሳንቀመጥ «እህቴ፣ ጸጋዬ የያዘው ሬዲዮ የእኔ ነበር። እኔ ታምሜ ነው እሱ የተተካው» አሏቸው።

ወይዘሮ ጸዳለ ወንበር ስበው አቀረቡላቸው። ከዚያ «እንግዲህ እርስዎን ባያምዎት የእኔን ቦታ የሚይዙት እናትዎ ነበሩ» አሉ። ወንድሜ አንገታቸውን ደፉ። «አልተቀየምኩም» አሉ ወይዘሮ ጸዳለ፤ «እኔን የቸገረኝ ሌላ ነው። ስንጋባ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ሞቷል ያለኝ ሰው የለም፤ አለ ያለኝም የለም። ጥቁር አልለበስኩም፤ ተዝካሩን አላወጣሁም፤ ሌላ ባል አላገባሁም። ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ስሙን ከሕያዋን ጋር ነው የምጠራው። ሞቶ ከሆነስ? ያለ ፍትሐት ይህን ሁሉ ዘመን አስቀርቼዋለሁ ማለት ነው። ጋሽ ምናሴ፣ እኔ ከእርስዎ የምፈልገው ይህችን ብቻ ነው።»

ወንድሜ «ሳላውቅ መጽሐፉን አልዘጋውም፤ ያወቅኩ ዕለት ደግሞ ከማንም በፊት ለአንቺ ነው የምነግርሽ» ብለው ቃል ገቡላቸው። ያ ቃል የሕይወታቸው ቀሪ ሥራ ሆነ። የመጽሐፉ ሌሎች ምዕራፎች ከተጠናቀቁ ዓመታት አልፈዋል። የቀረው የመጨረሻው፣ የቀይ ጉብታው ምዕራፍ ነበር።

ከጉብታው ከተመለሱት አንዱ፣ አሁን በሕይወት የሌሉ ሰው፣ ጸጋዬን ለመጨረሻ ጊዜ ሲያዩዋቸው እግራቸውን ቆስለው ከነሬዲዮናቸው ምሽግ ውስጥ ተቀምጠው እንደነበር ለወንድሜ ነግረዋቸዋል። ከዚያ በኋላ ምን ሆኑ? ሞቱ? ተማረኩ? ቆስለው ቀሩ? ይህን ሊያውቁ የሚችሉት ከሁሉም በመጨረሻ ከጉብታው የወረዱት የመቶ አለቃ ተሻገር ብቻ ነበሩ። የመቶ አለቃው በልትስቪል ይኖሩ ነበር፤ ኩላሊታቸው ደክሞ ዲያሊስስ ላይ ነበሩ። ወንድሜ ለዓመታት ደጅ ጠኗቸው። «ምናሴ፣ ስለ ልጆችህ አውራኝ፣ ስለ ጤናህ አውራኝ፤ ያን ነገር ግን ተወው። ዝም አይነቅዝም» ይሏቸው ነበር። ወንድሜም ስለ ልጆቻቸው አውርተው፣ ሻያቸውን ጠጥተው ይመለሳሉ።

በ2017 ዓ.ም. ኅዳር ላይ የመቶ አለቃው ራሳቸው ኮል አደረጉ። «ና፤ እነግርሃለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የምናገረው» አሉ። ቅዳሜ ዕለት የወሰድኳቸው እኔ ነኝ። ሐሴት ከቤት ስንወጣ «አባዬ፣ ፎንህን ጠረጴዛው ላይ አድርገውና ሪከርድ አድርግ፤ ዋትስ ዘ ፕሮብለም?» አለቻቸው። «ልጄ፣ መቅጃ ያየ ወታደር የሚሰጥሽ መግለጫ ነው፤ እኔ እሱን አልፈልግም» አሏት። ወረቀትም አልያዙም። ያው የአባታቸው ልጅ አይደሉ፤ ሰምተው፣ አሳድረው፣ ጠዋት ሊጽፉት ነው።

በልትስቪል ስንደርስ የመቶ አለቃው እኔን አይተው «አንቺ ልጄ፣ ለእኛ ብቻ ተዪልን» አሉ። እኔም ከባለቤታቸው ጋር ወጥ ቤት ተቀመጥኩ። በሩ ተዘጋ። ወንድሜ ሲወጡ ፊታቸው ሌላ ሰው ሆኗል። መኪና ውስጥ «እሺ፣ ምን አሉህ?» አልኳቸው። «ሰማሁ» አሉ። «ምን ሰማህ?» «ነገ ጠዋት እጽፈዋለሁ፤ ከቅዳሴ በኋላ አሌክሳንድሪያ ትወስጂኛለሽ። ለጸዳለ በስልክ አይነገርም።» ከዚያ ሌላ ቃል አልተናገሩም፤ እኔም ልማዳቸውን ስለማውቅ አልነዘነዝኳቸውም።

እሑድ ጠዋት ወይዘሮ ሄለን ለቤተ ክርስቲያን ሊጠሯቸው ሲገቡ ከጠረጴዛቸው ሥር ወድቀው አገኟቸው። ወረቀቱ ላይ የነበረው ቀኑና «በልትስቪል» የሚለው ቃል ብቻ ነው። ስትሮክ ነበር። ሕይወታቸው ተረፈ። የቀኝ ጎናቸው ግን አልታዘዝ አለ፤ አንደበታቸውም ተያዘ። ከዚያ ሁሉ ቃል የተረፈቻቸው አንዲት ቃል ነበረች፤ «አዎ» የምትለው።

መጀመሪያ ደስ ብሎን ነበር። «ጋሼ ውኃ ልስጥህ?» «አዎ።» «ያምሃል?» «አዎ።» ተናገሩ ብለን እልል አልን። ኋላ ግን «እኔ ማን ነኝ? ሄለን ነኝ?» አልኳቸው። «አዎ» አሉ። «አንተ ራስህ ሄለን ነህ?» «አዎ።» ያኔ ነገሩ ገባኝ። እሳቸውም ያወጡት ቃል ሊሉት የፈለጉት እንዳልሆነ ያውቁ ነበር፤ ግራ እጃቸውን አልጋው ላይ ይመቱ ነበር።

ስፒች ቴራፒስቷ ደግ ልጅ ነች። የኳስና የፖም ስዕል እያሳየች፣ በስልክ አስተርጓሚ እየታገዘች ታለማምዳቸው ነበር። አምስት መቶ ገጽ የጻፉ ሰው ኳስ በሉ ሲባሉ «አዎ» ይላሉ። «ነገሩ ውስጣቸው አለ፤ ይሰሙሻል፣ ያስታውሳሉ። የተዘጋው መውጫው ነው። መጻፍም ያው ነው። አዎ የሚሉትንም እንደ መልስ እንዳትይዢው» አለችኝ። «መቼ ይከፈታል?» አልኳት። ትከሻዋን ሰበቀች። እኔም ከሥራ ቦታዬ ይህን በሽታ አውቀዋለሁ፤ አውቄም ስንቱን ቤተሰብ «አይዟችሁ» ስል ኖሬያለሁ። ለራሴ ሲሆን አይዞሽ የሚለው ነገር ምንም አልሠራም።

በግራ እጃቸው እንዲጠቁሙ ትልቅ የፊደል ገበታ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ። «የመጀመሪያዋን ፊደል ብቻ አሳየኝ፤ ሌላውን እኔ እገምታለሁ» አልኳቸው። ጣታቸውን «ሀ» ላይ አደረጉና ሁ፣ ሂ፣ ሃ እያሉ፣ ድምፅ ሳያወጡ፣ እስከ መጨረሻው ወረዱ። ከዚያ እንደገና ከ«ሀ» ጀመሩ። ገበታውን አነሳሁትና ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

የመቶ አለቃ ተሻገር ገና በሕይወት ነበሩና ወደ እሳቸው ሮጥኩ። ሆስፒታል ተኝተው ነበር። «ጋሽ ተሻገር፣ ወንድሜ አንደበቱ ተይዟል፤ የነገሩትን ለእኔ ይድገሙልኝ። ወይም እትዬ ጸዳለን ላምጣልዎት» አልኳቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «አንድ ጊዜ ነው ብያለሁ። ነገሩ አሁን የምናሴ ነው። ያችን ሴት ፊቷን አላይም» አሉ። እግራቸው ላይ ወድቄ ለመንኳቸው። ሳምንቱ ሳይሞላ አረፉ። ባለቤታቸውን ብጠይቃቸው «ለእኔ? ስንት ዘመን ስለምነው ተዪኝ ነበር መልሱ» አሉኝ። ነፍሳቸውን ይማር፤ አልፈርድባቸውም። «ፊቷን አላይም» ማለታቸው ምን ማለት ነው ብዬ ስንት ቀን አሰላሰልኩ። ወንድሜ ቢሆኑ «እሱ ምንም አያረጋግጥም» ነበር የሚሉኝ።

ወይዘሮ ጸዳለ በየቅዳሜው ከአሌክሳንድሪያ በሜትሮ እየመጡ አልጋቸው አጠገብ ይቀመጡ ነበር። መጀመሪያ አይጠይቁም ነበር። ቆይተው ጀመሩ። «ጋሽ ምናሴ፣ ጸጋዬ እዚያው ሞተ?» «አዎ።» «ተማርኮ ነው?» «አዎ።» «አለ?» «አዎ።» አንድ ቀን ዞር ብለው «ብሩኬ፣ የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው የሚሉት ይህንን ነው» አሉኝ። የሚፈልጉት ነገር ሁሉ እዚያ አልጋ ላይ፣ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ተኝቶ ነበር። እኛ ሦስታችንም ተፋጥጠን መቀመጥ እንጂ ምን እናድርግ?

መጽሐፉን ለማሳተም የሚያግዙ የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር ሰዎችም መጡ። ሊቀመንበሩ አቶ ሚካኤል «የወንድምሽን አጻጻፍ ታውቂዋለሽ፤ ጸጋዬ እስከ መጨረሻዋ ጥይት ተዋግቶ በክብር ወደቀ ብለሽ ዝጊው። ማን ይጎዳል?» አሉኝ። «ኧረ እባክዎ ተዉኝ!» ብዬ ከቤት ላስወጣቸው ምንም አልቀረኝ። የባሰው ግን ወዲያ ነው። ወይዘሮ ጸዳለ ራሳቸው አንድ ቅዳሜ በር ላይ እጄን ይዘው «ብሩኬ፣ ደከመኝ። ወዲያው ነው የሞተው ብለሽ ጻፊልኝ። እኔ አምናለሁ፤ ፍትሐቱን አስፈታና አርፋለሁ» አሉኝ።

እምቢ ማለት አቃተኝ። ጻፍኩት፤ አንድ ገጽ ነው። ለወንድሜ አነበብኩላቸው። «አዎ» አሉ። «ጋሼ፣ ይህ እኮ ውሸት ነው» አልኳቸው። «አዎ» አሉ። «ለእትዬ ጸዳለ ልስጣቸው?» «አዎ።» «ልቅደደው?» «አዎ።» ገጹን ይዤ ቁጭ አልኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የሚያዘኝ ሰው ፈልጌ አላውቅም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ገጹን ለወይዘሮ ጸዳለ ሰጥቼ የሆነውን ነገርኳቸው። ሳያነቡት መለሱልኝና «እንግዲያው ይቅር። አንቺ ከልብሽ አውጥተሽ የጻፍሽው መሆኑን እያወቅኩ ካህን ፊት እንዴት እቆማለሁ?» አሉ።

በመስከረም መጨረሻ ወንድሜ በጣም ደከሙ። ወይዘሮ ጸዳለ መጡ፤ ያን ቀን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ፦ «ጋሽ ምናሴ፣ ቆስሎ ሳለ በሕይወቱ ጥለውት ወረዱ?» ወንድሜ «አዎ» አላሉም። ለሁሉም ነገር አዎ ይሉ የነበሩ ሰው፣ ያን ቀን ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ እንጂ ቃል አልወጣም። ግራ እጃቸውን ዘርግተው የወይዘሮ ጸዳለን እጅ ያዙ፤ እንባቸው በጆሯቸው በኩል ወረደ። እኔ ምን ብዬ ልመስክር? አዎ ለማለትም ደክመው ሊሆን ይችላል። አይደለም ለማለት ፈልገውም ይሆናል። አዎን ከልባቸው ሊሏት ፈልገው፣ ያ ባዶ ቃል አልበቃቸውም ይሆናል። አየሁ፤ ምን እንዳየሁ ግን አላውቅም።

አቶ ምናሴ ገብረየስ በጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ በቅዱስ ሚካኤል ዕለት፣ አስፐን ሂል በሚገኘው ቤታቸው፣ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው ከጎናቸው ሆነው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ። የሚያፈቅሯቸውን ባለቤታቸውን ወይዘሮ ሄለንን፣ ልጆቻቸውን ሐሴትንና አዶኒያስን፣ አንድ የልጅ ልጅና እኔን እህታቸውን ትተው ሄደዋል። መጽሐፋቸው እንዳለ ይታተማል። የመጨረሻው ምዕራፍ ርእሱ ብቻ ይኖረዋል፤ ከሥሩ አንዲት መስመር አልጨምርም፤ ማንም እንዲጨምር አልፈቅድም።

ባረፉ በማግስቱ ወይዘሮ ጸዳለ ለልቅሶ መጥተው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉና «ካህናቱ ዛሬ ለጋሽ ምናሴ ሲፈቱ የሌሎች ሙታንንም ስም እንስጥ ተብሏል። ጸጋዬን ልስጥ?» አሉኝ። ሁለት እጃቸውን ያዝኩ። እሳቸውም ትንሽ ጠብቀውኝ ስሙን ሳይሰጡ ወጥተው ተቀመጡ።

እግዚአብሔር የወንድሜን ነፍስ በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን፤ እዚያ አንደበታቸውን ይፍታላቸው። ለባለቤታቸውና ለልጆቻቸው መጽናናቱን ይስጥልን። ከሩቅም ከቅርብም መጥታችሁ ያስተዛዘናችሁን ሁሉ ብድራችሁን ይክፈልልን።

አሁን አንድ ነገር እለምናችኋለሁ፤ እንደ ነውር አትዩብኝ። ከመካከላችሁ በ1970 ዓ.ም. መስከረም በምሥራቅ ግንባር የነበራችሁ፣ ወይም ከነበረ አባት፣ ከነበረ አጎት ስለ ቀይ ጉብታ አንዲት ነገር የሰማችሁ ካላችሁ፣ ክፉም ቢሆን፣ የሚያሳፍርም ቢሆን፣ ወደ መቃብሩ ከመሄዳችን በፊት ንገሯቸው። ወይዘሮ ጸዳለ ከፊት ወንበር፣ በቀኝ በኩል፣ ነጭ ለብሰው ተቀምጠዋል።